የሁለት ወገን ሰው

አርማንድ ኤልጋዚ ሞቶ ሲገኝ ዓይኖቹ ተከድነው፣ አገጩ በራሱ መሐረብ ታስሮ፣ እጆቹ ግራና ቀኝ ከጎኑ ተዘርግተው፣ ኮቱ ፊቱ ላይ ተጥሎለት ነበር። ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀ ሰው እንዲህ ተስተካክሎ አይተኛም።

ያገኘችው በማለዳ ቆሻሻ ልትጥል ወደ ጓሮ የወጣች ጎረቤት ናት። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ብቅ ብሎ፣ ፖሊስ ሲደርስ በእስራኤሏ አፉላ ከተማ ዳገት ላይ ያለው የአፉላ ኢሊት ሰፈር ግማሹ ሰው በሌሊት ልብሱ በረንዳ ላይ ቆሞ ቁልቁል ይመለከት ነበር። ሃምሲኑ፣ ያ ከበረሃ የሚነሣው ትኩስ ነፋስ፣ ሰሞኑን አላቋረጠም። ከተራራው ሥር ያለው ሜዳ በአቧራ ተጋርዶ ስንዴው እንኳ አይታይም።

"መሐረቡን ማን አሰረው?" አለች ሳጅን ሙሉሸዋ።

"ገዳዩ ነዋ" አለ ኢንስፔክተር ሳሶን። የሱፍ ፍሬ እየፈለቀቀ ቅርፊቱን ወደ ኪሱ ይከታል፤ የወንጀል ቦታ ማበላሸት አይወድም። "ሠራውና ጸጸተው።"

"ገድሎ ሲያበቃ ቆሞ አገጭ ያስራል?"

"ሙሊ፣ ገድሎ ሲያበቃ ዕቃ አጥቦ የሄደ ሰው አይቻለሁ። የሰው ነገር አይገርመኝም።"

ሙሉሸዋ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ ላይ ወጣች። መጠበቅ አይሆንላትም። አውቶቡስ ከዘገየ በእግሯ ትሄዳለች፤ ሰው ነገሩን ካንዛዛ ጫፉን ነጥቃ ራሷ ትጨርስለታለች። ከወገራ በሱዳን በኩል እስራኤል የገባችው በልጅነቷ፣ ብዙው ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ከመምጣቱ ዓመታት በፊት ነው። ውትድርናውን ጨርሳ ፖሊስ ሆነች። በጣቢያው አማርኛ የሚችል ሌላ ሰው ስለሌለ፣ መታወቂያዋ መርማሪ ቢላትም ሥራዋ አብዛኛውን ጊዜ የሳሶን ምላስ መሆን ነበር። ይህ ያንገበግባታል።

ቤቱ ባዶ ነው። ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ ቀርቷል። የበረንዳው ብረት ከአንድ ወገን ተገንጥሎ በሌላው ጫፉ ተንጠልጥሏል። አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙ ገና አዲስ ነው። በጥፍሯ ስትፍቀው ከሥሩ ዝገት እንደ በርበሬ እየተፈረፈረ እጇ ላይ ቀረ።

ስትወርድ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። በዚያ ሁሉ ድርቅ መካከል ከጓሮው ቧንቧ ሥር መሬቱ ጭቃ ሆኗል።

"አትክልት ያጠጣ ሰው አለ?" ብላ ጎረቤቲቱን ጠየቀቻት።

"ምን አትክልት? እሾህ ነው ያለን።"

"ማታስ የሰማሽው ነገር አለ?"

"አመሻሹ ላይ አንድ ሰካራም ይጮህ ነበር። በምን ቋንቋ እንደሆነ እንጃለት። መስኮቴን ዘጋሁ።"

ሳሶን የሟቹን ኪስ ፈትሾ ተነሣ። የኪስ ቦርሳውም ሰዓቱም አልተነካም። "ብረቱ ዝጎ ነው፣ ወድቆ ሞተ ብዬ ብዘጋው ደስ ባለኝ" አለ። "ግን አንድ ሰው አብሮት ነበር። ያ ሰው ደግሞ ፖሊስ አልጠራም።"

*

ኤልጋዚ ቤት አሻሻጭ ደላላ ነው። ቢሮው ከማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ከኪዮስክና ከጫማ ቤት መካከል ተጣብቃ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ጸሐፊው ዚቫ በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች በሌላው ስልክ ታነሣለች።

"ያንን ቤት ማን ሊገዛው ነበር?" አለ ሳሶን።

"ስማቸው የሚሉት ኢትዮጵያዊ። ዛሬ ሊፈራረሙ ነበር። ቤቱ የፍሬዳ ነው፣ የሩማንያዋ ባልቴት። ወደ ልጇ ቤት ከገባች ሰንብታለች።"

"ከስማቸው ጋር እንዴት ተገናኙ?"

"በሽማግሌው ነዋ፣ በባዬ። ኢትዮጵያውያኑን ሁሉ የሚያመጣልን እሱ ነው። ያለ እሱ አንድም ሰው በሩን አይረግጥም።" ዚቫ አፍንጫዋን ተናፈጠች። "ግን ስለ ስማቸው ካነሣችሁ... ባለፈው ሳምንት እዚያ ጣቢያው መድረክ ላይ፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው ወታደር ሁሉ እያየ፣ የአርማንድን ክራባት ይዞ 'እገልሃለሁ' ብሎታል።"

"በምን ቋንቋ?"

"በዕብራይስጥ። አነጋገሩ አስቂኝ ነበር። ግን ሁላችንም ገብቶናል።"

ሳሶን ወደ ሙሉሸዋ ዞር አለ። እሷ ቀድማው ከበሩ ወጥታ ነበር።

*

ፍሬዳ ልጇ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጣ በጋዜጣ እያራገበች ተቀበለቻቸው። ማታ ከጓደኞቿ ጋር ካርታ ስትጫወት አምሽታለች፤ አራት አሮጊቶች ይመሰክሩላታል፤ አንደኛዋ እንዲያውም አታልላናለች ብላ ተቀይማታለች።

"አርማንድ ወርቅ ሰው ነበር" አለች። "እንደሱ ለእኔ የቆመልኝ የለም።"

"ለእርስዎ?" አለች ሙሉሸዋ። "ደላላው የገዢው ነው። ስማቸው ነው የወከለው።"

"እሱን አላውቅም። እኔን 'ፍሬዳ፣ እኔ ያንቺ ሰው ነኝ' ብሎኛል። ዋጋ ልቀንስ ስል ማን ከለከለኝ? እሱ! 'አትቀንሺ፣ ኢትዮጵያዊው እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ከአፉ ሰምቻለሁ' አለኝ። እውነቱንም ነው፣ እዚያው ድረስ መጣ።" ባልቴቲቱ ኩራት ተሰማት።

"የበረንዳውን ብረት ማን ቀባው?"

"ቀለም ቀቢ። አርማንድ ላከልኝ። ብረቱ ይቀየር ስለው 'ቀለም ይበቃዋል' አለኝ።"

የሙሉሸዋ እግር ከወንበሩ ሥር አላርፍ ብሎ ወለሉን ይመታል። ሳሶን በክርኑ ጎሸማት።

ውጭ ሲወጡ "አየህ?" አለችው። "የስማቸውን ምሥጢር ይዞ ለሻጭ ሸጠው።"

"አየሁ። አሁን ስማቸው ለምን ክራባት እንደያዘ ገባኝ።" ሳሶን መኪናውን አስነሣ። "ለምን እንደገደለም።"

*

ስማቸው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ሲናገር መሬት የሚያይ ሰው ነው። ሚስቱ የትነበርሽ በሩ ሥር እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ቆማለች።

"ትናንት አመሻሽ የት ነበርክ?" አለችው ሙሉሸዋ በአማርኛ።

"ሥራ። ፋብሪካ።"

"ማን አየህ?"

"ሁሉም።"

ማንም አላየውም። የፋብሪካው አለቃ በስልክ "ስማቸው? አሞኛል ብሎ ፈቃድ ወስዷል" አለ። ሳሶን ካቴናውን ሲያወጣ የትነበርሽ "ኧረ በሰማይ አምላክ! እሱ ዶሮ ማረድ እንኳ አይችልም!" ብላ ጮኸች። ስማቸው ግን እጁን ዘርግቶ ሰጠ።

"ለምን ትዋሻለህ?" አለችው ሙሉሸዋ መኪናው ውስጥ። "ዕድሜ ልክህን ነው የምትታሰረው፤ ገብቶሃል?"

"ገብቶኛል፣ እህቴ።"

"ታዲያ የት ነበርክ?"

መስኮቱን ተመለከተ።

*

ከሁለቱም ወገን ጋር ይነጋገር የነበረ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ አባ ባዬ። ሙሉሸዋ በማግስቱ ቤታቸው ሄደች። የሚኖሩት እዚያው አፉላ ኢሊት፣ ሬሳው ከተገኘበት ሕንፃ በሁለት መንገድ ርቆ ምድር ቤት ነው። በአገራቸው ሳሉ በወሰን፣ በጋብቻ፣ በደም ለተጣላ ሁሉ የሚጠሩ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው እታገኝ በሩን ከፈት አድርጋ መግቢያውን በሰውነቷ ዘጋችው።

"እማማ፣ አባ ባዬ አሉ?"

"አሟቸዋል ልጄ።"

"ለአንድ አፍታ ብቻ ላነጋግራቸው።"

"ሰው አያነጋግሩም። ሌላ ቀን ነይ።"

ከትከሻዋ በላይ አልጋው ተነጥፎ ይታያል፤ ማንም አልተኛበትም። ሙሉሸዋ ሐኪም ቤት ይሆናሉ ብላ ገመተች። አውቶቡሷ ደግሞ መታጠፊያው ላይ ደርሷል። "እሺ፣ ሌላ ቀን" ብላ ሮጠች። በኋላ ይህን ስታስታውስ ራሷን በጥፊ መምታት አማራት።

*

ሳሶን ስማቸውን ነገ ዳኛ ፊት ሊያቀርበው፣ ዐቃቤ ሕጉም በግድያ ሊከሰው ሰነዱን ያዘጋጃል። ሙሉሸዋ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወደ እስር ክፍሉ ገባች። አልተቀመጠችም።

"ስማ" አለችው። "ሚስትህ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ላይ ፀሐይ ይፈጃታል። ልጆችህ ጎረቤት ናቸው። የምትደብቀው ነገር ከዚህ የሚበልጥ ከሆነ ንገረኝና ልሂድ። የማይበልጥ ከሆነም ንገረኝ።"

ስማቸው መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ "ለአባ ባዬ አትነግሪያቸውም?" አለ።

"ምን አገባቸው?"

"ሃይፋ ነበርኩ። ጠበቃ ዘንድ።"

"እና ይሄን ነው የደበቅኸው?"

"እንዴት አልደብቅ? ሽማግሌ አድርጌ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። 'እስከዚህ ድረስ መክፈል እችላለሁ' ብዬ ሆዴን የዘረገፍኩት ለእሳቸው ነው። እሳቸው ለደላላው ነገሩ፤ ሽማግሌ አይደሉም? የሁለቱንም ልብ ካላወቁ በምን ያስታርቃሉ? ደላላው ግን ለሴትየዋ አቀበላት። እኔ ደግሞ ሽማግሌዬን ሳላሰናብት፣ 'አልበቁኝም' ሳልላቸው ከጀርባቸው ሕግ ቤት ሄድኩ።" ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "አባቴ ቢሰማ ይረግመኛል።"

"አባትህ ዕድሜ ልክ ስትታሰር ቢሰማስ?"

"በዚያስ አያፍርብኝም።"

ሙሉሸዋ ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

ሃይፋ የምትገኘው ጠበቃ ኖጋ ትባላለች። ስልኩ ላይ ድምጿ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል።

"አዎ፣ እኔ ዘንድ ነበር። ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ደላላው ምን ግዴታ አለበት ብሎ ጠየቀኝ።"

"ምን አልሽው?"

"ሕጉን ነዋ። ገዢ የወከለው ሰው ታማኝነቱ ለገዢው ነው። ስለ ቤቱ የሚያውቀውን፣ ጉድለቱንም ጭምር፣ ሊነግረው ይገባል። የገዢውን ምሥጢር ለሻጭ አያወጣም። ለሻጩም እሠራለሁ ካለ አስቀድሞ ገልጦ የገዢውን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ተደብቆ የሁለቱም መሆን አይችልም።"

"ስማቸው ሲሰማ ተቆጣ?"

"ሳቀ እንጂ። 'እንግዲያ እብድ አይደለሁም' አለኝ። ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር።"

"ስንት ሰዓት ወጣ?"

ጠበቃዋ አሰበች። "ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ።"

ሙሉሸዋ ስልኩን ዘጋች። ከሃይፋ አፉላ አውቶቡስ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ደግሞ ሞቱን ከምሽት በፊት አላደረገውም።

"በሰዓቱ ደርሷል" አለ ሳሶን ቅርፊቱን እየተፋ። "ጠበቃ ዘንድ ሄዶ መበደሉን አረጋገጠ፣ ተመልሶ ወጣና ገፈተረው። ምስክር አመጣሁለት ብለሽ ምክንያት አመጣሽልኝ።"

"እየሳቀ ነው የወጣው እኮ!"

"ሙሊ፣ እየሳቁ የሚገድሉም አሉ።"

"አገጩንስ? ጭቃውንስ?"

"ነገ ጠዋት ዳኛ ፊት" አለ ሳሶን። "እስከዚያ ጊዜው ያንቺ ነው።"

*

ወደ አፉላ ኢሊት አውቶቡስ እስኪመጣ አልጠበቀችም። ዳገቱን በእግሯ ወጣችው። ነፋሱ አሸዋውን ዓይኗ ውስጥ ይሞጅራል፤ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። ከእነአባ ባዬ ሕንፃ ማዕዘን ስትደርስ እታገኝን አየቻት። አሮጊቷ ሳህን ይዛ፣ ዙሪያዋን እየተገላመጠች፣ ወደ ጓሮው ትዞራለች። ሙሉሸዋ ተከተለቻት።

ከጓሮው ዳር፣ ከአጥሩ ጋር፣ ብርድ ልብስ በገመድ ተወጥሮ ዳስ ተሠርቷል። እታገኝ ከዳሱ ራቅ ብላ ቆመች። ሳህኑን መሬት ላይ አኖረች። ወደ ኋላ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ነው ከብርድ ልብሱ ሥር የሽማግሌ እጅ ወጥቶ ሳህኑን የሳበው።

ሙሉሸዋ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ይህን ታውቀዋለች። አጎቷን የቀበሩ ጊዜ አባቷ እንዲህ ነበር፤ ከመንደር ወጣ ብሎ ብቻውን፣ ሳህኑ መሬት ላይ እየተቀመጠለት፣ ሰባት ቀን። እሷ ልጅ ሆና ሮጣ ልትታቀፈው ስትል እናቷ በፀጉሯ ጎትታ መለሰቻት። ሬሳ የነካ ሰው ታጥቦ ቀኑ እስኪሞላ ቤት አይገባም፣ ከሰው አይቀላቀልም። ልብሱንም ሰውነቱንም ያጥባል። ከቧንቧው ሥር የነበረው ጭቃ ትዝ አላት።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ከእነሱ ወገን አንድም ሰው አልሞተም።

"እማማ" አለች በቀስታ። እታገኝ ስትዞር ፊቷ አመድ መሰለ።

"አባ ባዬ፣ ሙሉሸዋ ነኝ፣ የአቶ ገበያው ልጅ።"

"በድምፅሽ አወቅሁሽ" አሉ ከውስጥ። "አትጠጊ ልጄ። ንጹሕ አይደለሁም።"

"ከምን?"

"ከሙት ነዋ።"

"ከማን ሙት?"

"ኋላ አንቺ ምን ብለሽ መጣሽ? ከዚያ ከደላላው።"

ሙሉሸዋ ሌሊቱን ሙሉ የተብሰለሰለችበትን፣ እኚህ ሰው ሰዓት እንደሚናገር ሰው ተናገሩት።

"ታዲያ ለምን ለፖሊስ አልነገሩም?"

ብርድ ልብሱ ተገለጠ። አባ ባዬ አጭር፣ ጢማቸው የነጣ፣ ዓይናቸው ንቁ ሰው ናቸው። በእውነት ተገርመው አዩዋት። "እነግር የለም ወይ? ቀኔ ይሙላና፣ ልታጠብና። እንዲህ ረክሼ የሰው ደጅ እረግጣለሁ? ዳኛ ፊት ቆሜ የሰዉን ወንበር ላረክስ ነው?"

"ስማቸው ታስሯል።"

"ማን?"

"ስማቸው። ገዳይ ተብሎ። ነገ ዳኛ ፊት ይቀርባል።"

ሽማግሌው ሲነሡ ሳህኑ ተገለበጠ። ወደ ሚስታቸው ዞሩ። "አንቺ ታውቂ ነበር?"

እታገኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። "አውቅ ነበር። ብነግርዎት ይሄዳሉ። ከሄዱ ደግሞ አይመለሱም።"

ነፋሱ ብርድ ልብሱን ያርገበግበዋል። አባ ባዬ አፋቸውን ሲከፍቱ ሙሉሸዋ እጇን አነሣች።

"ይቆዩ፣ አባ። መጀመሪያ እኔ ልናገር።" ሥራ ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ቀስ ብላ ተናግራ አታውቅም። "እኔ የአንቱ ሰው አይደለሁም። ልጅዎ ብመስልም፣ ቋንቋዎን ብናገርም፣ የፖሊስ ነኝ። የሚነግሩኝን ሁሉ ለአለቃዬ እነግራለሁ፤ አንቱን የሚጎዳውንም ጭምር። አለስልሼ አላደርስልዎትም። ዝም ማለት ይችላሉ። ጠበቃ ይምጣልኝ ማለትም ይችላሉ። እንደ ሽማግሌ አይዩኝ።"

አባ ባዬ ትክ ብለው አዩዋት። "ያ ደላላ እንዲህ ብሎኝ ቢሆን" አሉና ተዉት። ከዚያ ተቀምጠው ነገሯት።

"ቤቱን ሊያዩ የመጡ ዕለት የስማቸው ትንሿ ልጅ ብረቱ ላይ ተንጠለጠለች። ነቅነቅ ሲል አየሁት። ሁሉም ከሄዱ በኋላ በእጄ ያዝኩት፤ ውስጡ ምስጥ የበላው እንጨት ሆኗል። በሰባራ ዕብራይስጤ ለአርማንድ ነገርኩት። 'ይሠራል፣ አንተ ብቻ ዝም በል፣ የተስማማውን ሰው አታጣላ' አለኝ። ልክ ነው አልኩ። ሽማግሌ የከፋውን ወሬ ከዚህ ወደዚያ አይወስድም፤ እያለሰለሰ ነው የሚያደርሰው። ዝም አልኩ።"

"ለስማቸው አልነገሩትም።"

"አልነገርኩትም። ኋላ ሊፈራረሙ ሲሉ ባልፍ ብረቱ አልተሠራም፤ ቀለም ለብሷል። ተቃጠልኩ። አመሻሹ ላይ ይዤው ወጣሁ። 'ለልጅቱ አባት ሳትነግር አታፈራርምም' አልኩት። ሳቀብኝ። በመዳፉ መታ መታ አድርጎ 'ይኸው! ብረት ነው! ምኑን ፈራህ?' አለኝ።" ቆም አሉ። "እኔም 'እንግዲያ ተደገፍበት' አልኩት።"

"በቃ! ዝም ይበሉ አንቱ ሰውዬ!" አለች እታገኝ። "ልጅቱ ነገረችዎት እኮ! ዝም ይበሉ!"

ሙሉሸዋ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። "እንደማይሸከመው ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"አባ ባዬ..."

"ጠይቀሽኛል። አውቅ ነበር። ይፈራል፣ 'እውነትህን ነው' ይላል ብዬ ነው። ሰው ለውሸቱ ብሎ ነፍሱን ይሰጣል ብዬ አላሰብኩም። ዓይን ዓይኔን እያየ ጀርባውን ጣለበት።" እጃቸውን ተመለከቱ። "ወርጄ ሳነሣው ትንፋሽ የለውም። ዓይኑን ከደንኩት። ጮህኩ። ሰው ጥሩ፣ ሰው ጥሩ እያልኩ ጮህኩ። አንዲት ሴት ከላይ አየችኝና መስኮቷን ዘጋች። በሬሳ እጄ የማንን በር ላንኳኳ? አጋድሜ፣ አልብሼ፣ ታጥቤ መጣሁ።"

*

ሳሶን ሲጠራ መጥቶ፣ መኪናውን ከሕንፃው ፊት አቁሞ ሁሉንም ከሙሉሸዋ ሰማ። ከዚያ ጎረቤቲቱን አስጠርቶ ሽማግሌውን ከሩቅ አሳያት። ሴትየዋ ፊቷ ቀላ። "እሱ ነው ሰካራሙ" አለች። "ማለቴ፣ የሚጮኸው።"

አባ ባዬ መኪና ውስጥ አልገባም አሉ። ሳሶን ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል ወደ ኋላ ሸሹ። "ለእሱ ብዬ ነው" አሉ። "ሚስት የለውም? ልጅ የለውም? ምን ይዞ ይገባል?"

"ምን አለ?" አለ ሳሶን።

"ቤተሰብህን እንዳያረክሱብህ ነው የሸሹህ።"

ሳሶን በሥራው ዘመን ብዙ ዓይነት እስረኛ አይቷል። ይህን ዓይነት አላየም። በመጨረሻ ሽማግሌው በእግራቸው ፊት ፊት ቁልቁለቱን ወረዱ፤ ሙሉሸዋ እሳቸው ባሉት ርቀት ተከተለች፤ መኪናው ከኋላ እንደ በሬ እያዘገመ መጣ። ከበስተኋላ ያለው አውቶቡስ ጥሩምባውን እየነፋ ሳሶንን ይሰድባል። ሳሶንም መልሶ ይሰድበዋል።

የጣቢያው ደጅ ላይም አልገባ አሉ። ቃላቸውን የሰጡት ግቢው ውስጥ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ሳሶን ጽፎ ሲጨርስ ብዕሩን ጥርሱ ውስጥ ይዞ ቆየ።

"'አውቅ ነበር' የሚለውን" አለ። "እንዲያ ነው ያለው? ምናልባት 'ጠርጥሬ ነበር' ማለቱ ይሆን? እርግጠኛ ነሽ?"

ሙሉሸዋ ጥያቄው ምን እንደሆነ ገባት። በር ከፍቶላታል። አንድ ቃል ብታላላ ሽማግሌው ዛሬ ቤታቸው፣ ይቅርታ፣ ዳሳቸው ይገባሉ። ስማቸውም በየትኛውም ቢሆን ይፈታል።

"'አውቅ ነበር' ነው ያሉት" አለች። "ሁለት ጊዜ። 'ይፈራል ብዬ ነው' ማለታቸውንም ጻፍ። ሁለቱንም ጻፍ።"

"ዐቃቤ ሕጉ ምን እንደሚለው አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም።"

ስማቸው ቀበቶውንና የጫማ ማሰሪያውን በእጁ እንደያዘ ወጣ። የትነበርሽ ስትሮጥበት ለአፍታ አቀፋት፤ ከትከሻዋ በላይ ባሕር ዛፉ ሥር ያሉትን ሲያይ ለቀቃት። ወደ እሳቸው ሄደ። አባ ባዬ እጃቸውን ዘርግተው አገዱት፤ ርቆ ቆመ።

"አባ፣ በድዬዎታለሁ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ከጀርባዎ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ።"

"ደግ አደረግህ።"

ስማቸው ቀና አለ። ይህን አልጠበቀም።

"ብረቱ የበሰበሰ መሆኑን አውቅ ነበር" አሉ አባ ባዬ። "ልጅህ የተንጠለጠለችበት ዕለት ጀምሮ። አልነገርኩህም።"

የትነበርሽ "ምን?" አለች። ስማቸው ቀበቶውን እጁ ላይ ጠቀለለ፣ ፈታ፣ መልሶ ጠቀለለ።

"ለምን?" አለ በመጨረሻ።

"ለሁለታችሁም ሽማግሌ ነኝ ብዬ።"

"ብር የከፈልኩት እኔ ለደላላው ነው። እርስዎን ግን ያመንኩት በነፃ ነው።"

"አዎ።"

ስማቸው ጉልበት ሳይስም፣ ሰላምታም ሳይሰጥ ዞረ። የሚስቱን ክንድ ይዞ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው አመራ። ማሰሪያ የሌለው ጫማው አስፋልቱ ላይ ይንሸራተታል። አባ ባዬ ከዓይናቸው እስኪሰወር ድረስ ተመለከቱት፤ ከዚያ መሬቱን ማየት ጀመሩ።

ሳሶን ከበሩ ደገፍ ብሎ ቆይቶ ነበር። የሱፍ ፍሬውን ረስቶታል።

"ምን ተባባሉ?" አለ።

ሙሉሸዋ አንድ ጊዜ ትንፋሽ ወስዳ፣ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር ተረጎመችለት።